«ተጫውተው ጨርሰዋል» ማስረጃ አይሆንም፦ ስለ 2020 የኮሌጅ ፉትቦል ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ የወጣ አንድ ጽሑፍ የ2020ውን የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ወቅት መለስ ብሎ ቃኝቶ ነበር። ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ቢግ ቴንና ፓክ 12 የተባሉት ኮንፈረንሶች (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበራት) ኦገስት 11 ቀን ውድድሩን ያራዘሙት ደንግጠው ነው፤ ኮቪድ የተጫዋቾችን ልብ ይጎዳል የሚለው ስጋት መሠረት አልነበረውም፤ ቢግ ቴን በአምስት ሳምንት ውስጥ ሐሳቡን የለወጠው በፖለቲካ ግፊት ነው፤ ቫይረሱ ሜዳ ላይ ስለማይተላለፍ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም፤ ተጫዋቾቹ ከቤታቸው ይልቅ ካምፓስ ውስጥ ይጠበቁ ነበር፤ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጃንዋሪ 11 ቀን 2021 ዋንጫውን ማንሳቱ ክርክሩን ዘግቶታል፤ ውድድሩ ቢቀር ኖሮ ደግሞ ልጆቹ ስኮላርሺፓቸውን ያጡ ነበር።

ጸሐፊው ስፖርቱን ከልባቸው እንደሚወዱ ያስታውቃል። ከነጥቦቻቸው ሁለት ሦስቱ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ያንን በየቦታው እናገራለሁ። ድምዳሜያቸውን ግን አልቀበልም። የኦገስቱም የሴፕቴምበሩም ውሳኔ በየጊዜው ትክክል ነበር፤ በመሃል የተለወጠው በሐኪሞች እጅ ያለው መሣሪያ ነው። በየተራ እንሂድበት፤ ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ልብ

ጸሐፊው ስጋቱን ሁሉ የሚያያይዙት በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 26 ስፖርተኞች ላይ ከተደረገው ትንሽ ጥናት ጋር ነው። መጀመሪያ ቀኑን እናስተካክል። ያ ጥናት በጃማ ካርዲዮሎጂ መጽሔት የወጣው ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ከውሳኔው አንድ ወር በኋላ ማለት ነው። በጁላይ መጨረሻ ታትሞ በኦገስት መጀመሪያ ሐኪሞች ሲነጋገሩበት የነበረው የጀርመኑ የፍራንክፈርት ጥናት ነው። ከኮቪድ ያገገሙ 100 ሰዎች በልብ ኤምአርአይ (በማግኔት ምስል በሚያነሳ መሣሪያ) ታዩና በ78ቱ ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ ተገኘ። ሰዎቹ የኮሌጅ ስፖርተኞች አልነበሩም፤ አማካይ ዕድሜያቸው ወደ 50 የተጠጋ ነበር፤ ጥናቱም ኋላ ላይ የቁጥር እርማት ተደርጎበታል። ስለዚህ ያንን 78 በመቶ እንዳለ አንስቶ ለ20 ዓመት ወጣት መስጠት ስህተት ነበር። የኦሃዮ ስቴቱም ከ26ቱ በ4ቱ ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት ምልክት አየ እንጂ ያልታመሙ ስፖርተኞችን በማነጻጸሪያነት አላቀረበም። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ችግሩ እዚያ ላይ ማቆማቸው ነው። በ2021 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጥተዋል። አንደኛው በ42 ኮሌጆች በቫይረሱ የተያዙ 3,018 ስፖርተኞችን ተከታትሎ በ21ዱ፣ ማለትም በ0.7 በመቶው፣ ልብ መነካቱን ወይም ሳይነካ አልቀረም የሚያሰኝ ምልክት አገኘ። ሁለተኛው የቢግ ቴን መዝገብ ነው። ከ13 ዩኒቨርሲቲዎች 1,597 ስፖርተኞች ታይተው በ37ቱ፣ በ2.3 በመቶው፣ ማዮካርዳይተስ (የልብ ጡንቻ መቆጣት) ተገኘ። የቁጥሩ ልዩነት ከአመራመሩ ይመጣል። በመጀመሪያው ጥናት አብዛኞቹ ኮሌጆች በኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት በሚመዘግብ ምርመራ)፣ የልብ ጡንቻ ጉዳትን በሚያሳይ የትሮፖኒን የደም ምርመራና በልብ አልትራሳውንድ ጀምረው ወደ ኤምአርአይ የሚልኩት ያጠራጠራቸውን ነበር። በሁለተኛው ሁሉም ኤምአርአይ ተነስተዋል። የልብ ምልክት ያሳዩትን ብቻ ወደ ኤምአርአይ ልከው ቢሆን ኖሮ ከ37ቱ የሚያገኙት 5ቱን ብቻ ነበር።

2.3 በመቶ ለጆሮ ትንሽ ነው። 110 ተጫዋች ካለው ቡድን ግማሹ ቢያዝ አንድ ሰው ማለት ነው። የዚያ አንድ ሰው ነገር ግን ቀላል አይደለም። የተቆጣ የልብ ጡንቻ ዕረፍት ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ አደጋው የሚመጣው ጡንቻው ሳያገግም ከባድ ልምምድ ሲጫንበት ነው። የልብ ምት ይዛባል፤ ወጣት ስፖርተኛ ድንገት ሜዳ ላይ ወድቆ የሚቀርባቸው አጋጣሚዎች ከዚህ ይመነጫሉ። የልብ ሐኪሞች ማዮካርዳይተስ ያለበትን ስፖርተኛ ከ3 እስከ 6 ወር ከውድድር ያርቁ የነበረው ለዚህ ነው፤ ደንቡ ከኮቪድ በፊትም የነበረ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይሄ ነው። ኦገስት 11 ቀን ቁጥሩ 78 ይሁን 0.7 የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሉንም ተጫዋች የሚያጣራ ሥርዓትም አልተዘረጋም።

«ወጣትና ጤናማ» የሚለው አባባልም ሁሉንም አይገልጽም። የፉትቦል ቡድን የማራቶን ቡድን አይደለም። በማጥቃት መስመር ላይ የሚሰለፍ 1.93 ሜትር ቁመትና 136 ኪሎ ክብደት ያለው ልጅ የሰውነት ክብደት ምጣኔው 36.5 ይሆናል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ በኮቪድ ክፉኛ ለመታመም አጋላጭ ነው ያለው ከ30 ጀምሮ ነው። ከዚያ ክብደት ከፊሉ ጡንቻ መሆኑ እሙን ነው፤ ቢሆንም ከእያንዳንዱ ቡድን ሃያ ያህሉ በዚህ ሚዛን ላይ ሲሆኑ እንደሌሉ መቁጠር አይገባም።

ስለ አምስቱ ሳምንታት

ግፊት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ፕሬዝዳንት ትራምፕ ሴፕቴምበር 1 ቀን ለቢግ ቴን ኮሚሽነር ለኬቨን ዋረን ደውለዋል፤ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችም በኮንፈረንሱ ላይ ክስ መሥርተዋል። የኮንፈረንሱ አነጋገርም ደካማ ነበር። ኦገስት 5 ቀን የጨዋታ መርሐ ግብር አውጥቶ በስድስተኛው ቀን ማራዘም፣ 11 ለ3 የሆነውን የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንቶቹን ድምፅ በፍርድ ቤት ወረቀት እስኪወጣ ድረስ መደበቅ፣ ወላጆችን ለማስቆጣት ከዚህ በላይ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ወቀሳቸውን እጋራለሁ።

«ከግፊቱ በቀር የተለወጠ ነገር የለም» የሚለው ግን ከእውነታው ጋር አይገጥምም። በኦገስት መጀመሪያ በእጅ የነበረው የፒሲአር ምርመራ (የቫይረሱን ዘረመል በላቦራቶሪ የሚፈልገው) ነው። ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ ውጤቱ እስኪመለስ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ከሦስት ቀን በላይ ይፈጃል። ማክሰኞ የተመረመረ ተጫዋች ውጤቱ ሐሙስ ሲደርስ ሁለት ልምምድ፣ አራት ስብሰባና ስድስት ማዕድ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሏል። እንዲህ ያለው ምርመራ ያለፈውን ይነግርሃል እንጂ የዛሬውን ልምምድ አይጠብቅልህም።

ኦገስት 26 ቀን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አቦት ኩባንያ ያቀረበውን የ5 ዶላር አንቲጅን መመርመሪያ (የቫይረሱን ፕሮቲን በደቂቃዎች የሚለይ) ፈቀደ። ሴፕቴምበር 3 ቀን ፓክ 12 ኪዴል ከተባለው ኩባንያ ጋር የዕለታዊ ምርመራ ውል ማሰሩን አስታወቀ። ሴፕቴምበር 16 ቀን ቢግ ቴን ሲመለስ ይዞት የመጣው ደንብ ይህ ነው፦ ከሴፕቴምበር 30 ጀምሮ በየቀኑ አንቲጅን ምርመራ፣ ውጤቱም ከልምምድና ከጨዋታ በፊት የሚታወቅ፤ ፖዘቲቭ ለሆነ በፒሲአር ማረጋገጫ፤ ለተረጋገጠበት የደም፣ የኢሲጂ፣ የልብ አልትራሳውንድና የኤምአርአይ ምርመራ፤ ወደ ጨዋታ መመለስ ቢያንስ ከ21 ቀን በኋላ። በቡድኑ ውስጥ ከምርመራዎቹ ከ5 በመቶ በላይ ፖዘቲቭ ሆነው ከሰዎቹ ደግሞ ከ7.5 በመቶ በላይ ሲያዙ ልምምድም ጨዋታም ቢያንስ ለ7 ቀን ይቆማል። ኦገስት 11 ቀን ከዚህ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለ አልነበረም።

ዕለታዊ ምርመራ በተግባር ምን እንደሚመስል እንይ። ማለዳ ተጫዋቹ መልበሻ ክፍል ከመግባቱ በፊት በር ላይ ይቆማል፤ የጥጥ ዘንጉ በሁለቱም አፍንጫ ይዞራል፤ ናሙናው በፈሳሹ ይታጠብና ንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል፤ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። እስከዚያ ማንም ወደ ውስጥ አይገባም። ተጫዋቾች፣ አሰልጣኞች፣ ወጌሻዎችና ዕቃ ጠባቂዎች ተደምረው 170 ሰው ቢሆኑ በሳምንት ስድስት ቀን 1,020 ምርመራ ነው። መመርመሪያው ጤነኛውን ጤነኛ ነው ሲል በ99.5 በመቶ ትክክል ቢሆን እንኳ በሳምንት አምስት ያህል ጤነኞች በስህተት ፖዘቲቭ ይባላሉ። ማረጋገጫ ፒሲአር ባይኖር አምስቱም 21 ቀን ይቀመጣሉ ማለት ነው። ፒሲአርም ራሱ ይሳሳታል። የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን ኦክቶበር 14 ቀን ፖዘቲቭ ተብለው ከዚያ በኋላ በተከታታይ ነጋቲቭ በመሆናቸው ኦክቶበር 17 ቀን ከጆርጂያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሜዳ ዳር ቆመዋል። ከኦበርን ጋር ከተደረገው ጨዋታ በፊት ኖቬምበር 25 ቀን ግን ምልክቱም ቫይረሱም እውነተኛ ሆኖ ቤታቸው ቀሩ።

ተቃራኒው ስህተት የከፋ ነው። ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ቀን መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ አንቲጅን አያየውም። ዊስኮንሲን በየቀኑ እየተመረመረ ኦክቶበር 23 ቀን ኢሊኖይን 45 ለ7 ረታ። በቀናት ውስጥ ኳርተርባኩም (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ዋና አሰልጣኙም ፖዘቲቭ ሆኑ፤ የተያዙት ከ20 አለፉ፤ የነብራስካና የፐርዱ ጨዋታዎች ተሰረዙ። ዕለታዊ ምርመራ እሳቱን ቶሎ ያሳያል እንጂ እንዳይነሳ አያደርግም። ጸሐፊው ይህንን የዊስኮንሲን ታሪክ «ምርመራውም አልረዳም» ለማለት ተጠቅመውበታል። በሁለት ጨዋታ መቆሙ ግን ምርመራው በመርዳቱ ነው።

ሃያ አንዱ ቀን በዛ የሚለው ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ቢግ ቴን ራሱ በዲሴምበር ወደ 17 ዝቅ አድርጎታል።

ስለ ሜዳው

በጨዋታ መሃል የሚደረግ መተላለፍ ጥቂት ነው፤ በዚህ እንስማማለን። ክፍት አየር ነው፤ ግጭቱም የሰከንዶች ነው። ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ አደጋ የለም» ሲሉ ግን ፉትቦል ማለት ቅዳሜ ማታ ብቻ ይመስላቸዋል። አንድ ቡድን በሳምንት ሜዳ ላይ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረው ቪዲዮ መመልከቻ ክፍል፣ ክብደት ማንሻ፣ አውቶቡስ፣ ሆቴልና ምግብ ቤት ነው። የፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤልና ሲዲሲ በጋራ ያወጡት ዘገባ ይህንኑ ያሳያል። ከኦገስት 9 እስከ ኖቬምበር 21 ድረስ ወደ 11,400 የሚጠጉ ተጫዋቾችና ሠራተኞች ተመርምረው 329 ተይዘዋል፤ ትኩረት የተሰጣቸው መተላለፊያዎች ጭምብል የሌለበት ስብሰባ፣ አብሮ መኪና መሳፈርና አብሮ መብላት ናቸው። 15 ደቂቃ ባልሞላ ንክኪ የተያዙም ነበሩ።

የንክኪ ልየታው ስሌት ነው ጨዋታ የሚሰርዘው። በጊዜው ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ ተደምሮ 15 ደቂቃ ከ1.8 ሜትር ባነሰ ርቀት የቆየ ሰው 14 ቀን በለይቶ ማቆያ ይቀመጣል፤ ነጋቲቭ ቢሆንም አይወጣም። ሲዲሲ ወደ 10 ቀን፣ ከምርመራ ጋር ደግሞ ወደ 7 ቀን ያሳጠረው ዲሴምበር 2 ቀን ነው። ኤስኢሲ የተባለው የደቡቡ ኮንፈረንስ አንድ ቡድን ለመጫወት ቢያንስ 53 ስኮላርሺፕ ያላቸው ተጫዋቾች፣ ከእነሱም 7 የማጥቃት መስመር፣ 4 የመከላከል መስመር ውስጠኞችና 1 ኳርተርባክ ሊኖሩት ይገባል የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። አሁን አስቡት፦ የማጥቃት መስመሩ 15 ልጆች በአንድ ጠባብ ክፍል ለ40 ደቂቃ ቪዲዮ አይተዋል፤ አንዱ በማግስቱ ፖዘቲቭ ሆነ። ሌላው መቶ ሰው ጤነኛ ቢሆንም ጨዋታው የለም። ስለዚህ ያወቁበት ቡድኖች ስብሰባውን ወደ ሰፊ አዳራሽና ወደ ቪዲዮ ጥሪ ወሰዱ፤ ሦስቱን ኳርተርባኮች በአንድ ክፍል አላስቀመጡም፤ ምግብ በካርቶን አድለው በየክፍሉ አስበሉ፤ በአውቶቡስና በአውሮፕላን መቀመጫውን ቋሚ አድርገው ማን ከማን አጠገብ እንደነበር መዘገቡ።

ቫንደርቢልት በቂ ተጫዋች በማጣቱ ኦክቶበር 17 ቀን ከሚዙሪ ጋር የነበረው ጨዋታ ተላለፈ። ኖቬምበር 28 ቀን ጨዋታው ሲደረግ ኳስ መቺዎቹ በንክኪ ለይቶ ማቆያ ስለገቡ የዩኒቨርሲቲው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ግብ ጠባቂ ሣራ ፉለር ሁለተኛውን አጋማሽ በምት አስጀመረች። በታላላቆቹ ኮንፈረንሶች ጨዋታ የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ዕድሉን የከፈተላት ግን የንክኪ ዝርዝር ነው። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ክሌምሰን ፍሎሪዳ ስቴት ከተማ ደርሶ ሆቴል ካደረ በኋላ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ተሰረዘ። ምልክት የነበረው አንድ ተጫዋች ነጋቲቭ ተብሎ አብሮ ተጉዞ ነበር፤ ፖዘቲቩ ውጤት የመጣው ከደረሱ በኋላ ነው።

ስለ ካምፓሱ

ተጫዋቹ በሳምንት ሦስት ወይም ስድስት ጊዜ ስለሚመረመር ከቤቱ ይልቅ ካምፓስ ይሻለዋል የሚለው ለተጫዋቹ ብቻ ካየነው ያስኬዳል። ካምፓሱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል ኦገስት 10 ቀን ትምህርት ጀምሮ ኦገስት 17 ቀን ወደ ኦንላይን ዞረ፤ በአንድ ሳምንት ከተመረመሩት ፖዘቲቭ የሆኑት ከ2.8 ወደ 13.6 በመቶ ዘለሉ። ኖትር ዳም በማግስቱ ለሁለት ሳምንት ክፍሎቹን ዘጋ። አላባማ ውስጥ ተማሪው በተመለሰ በቀናት ከ500 በላይ ሰው ተይዞ የተስካሉሳ ከንቲባ ኦገስት 24 ቀን መጠጥ ቤቶችን ለ14 ቀን አዘጉ። ኖቬምበር 7 ቀን ኖትር ዳም ክሌምሰንን በሁለት ዙር ጭማሪ ጨዋታ 47 ለ40 ሲያሸንፍ ተማሪው ግልብጥ ብሎ ሜዳ ገባ። ያ ተማሪ ከሳምንታት በኋላ ለታንክስጊቪንግ (ለአሜሪካኖች የምስጋና በዓል) ወደ ቤቱ ሄዷል። ኮሎምበስም ሆነ ሲያትል አያት፣ ወላጅና የኮሌጅ ተማሪ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩባቸው የሐበሻ ቤቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የቢግ ቴን ከተሞች ከንቲባዎችም በኦክቶበር ለኮንፈረንሱ በደብዳቤ ያመለከቱት ስታዲየሙ ባዶ ቢሆንም መጠጥ ቤቱና የግቢ ድግሱ እንደሚሞላ ስላወቁ ነው።

ስለ ዋንጫው

አላባማ ኦሃዮ ስቴትን 52 ለ24 አሸነፈ፤ ወቅቱ ተጠናቀቀ። ለፍጻሜው ሲገናኙ አላባማ 12 ጨዋታ፣ ኦሃዮ ስቴት 7 ብቻ ተጫውተው ነበር። ቢግ ቴን ለኮንፈረንሱ ፍጻሜ ቢያንስ 6 ጨዋታ ያስፈልጋል ብሎ ያወጣውን ደንብ ኦሃዮ ስቴት 5 ላይ ሲቆም በዲሴምበር አነሳው። ከ1918 ጀምሮ በየዓመቱ የተደረገው የሚሺጋንና የኦሃዮ ስቴት ጨዋታ ቀረ። የሮዝ ቦውል ጨዋታ ከካሊፎርኒያ ወደ ቴክሳስ ተዛወረ። ሂዩስተን ቀድመው የተያዙለት ግጥሚያዎች አንድ በአንድ ወድቀውበት የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ኦክቶበር 8 ቀን ነው። በጠቅላላው ከ100 በላይ ጨዋታዎች ተላልፈዋል ወይም ተሰርዘዋል። ይህ ሁሉ የሆነው የሚያስቆሙ ደንቦች ስለነበሩ ነው። ጸሐፊው የሚያደንቁት ፍጻሜ የተገኘው እሳቸው በሚነቅፏቸው ጥንቃቄዎች ነው፤ ጥንቃቄዎቹን አውጥቶ ዋንጫውን ብቻ መያዝ አይቻልም።

ውድድሩን ወደ አሜሪካ ጸደይ (እስከ ሜይ ወደሚዘልቀው) ማዛወር ቀልድ ነው ያሉትም እንዲሁ ተጫውቶ ታይቷል። ሁለተኛው እርከን በ2021 ጸደይ ተወዳድሮ ሳም ሂዩስተን ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 23 ለ21 በሜይ 16 አሸንፎ ዋንጫ ወስዷል። በአንድ ዓመት ሁለት ወቅት መጫወት ለሰውነት ከባድ ነው፤ በአጋማሹ ያቋረጡ ቡድኖችም ነበሩ። ከባድ መሆኑ ግን የማይቻል አያደርገውም።

ስለ ስኮላርሺፕና ስለ ተጫዋቾቹ ድምፅ

የስኮላርሺፑ ነጥብ ፈጽሞ ስህተት ነው። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ ኦገስት 5 ቀን በኮቪድ ስጋት አልጫወትም ያለ ተጫዋች ስኮላርሺፑ እንዲከበርለት አዘዘ፤ ዩኒቨርሲቲዎች በኮቪድ ብትታመም አልጠየቅም የሚል ውል እንዳያስፈርሙም ከለከለ። ኦገስት 21 ቀን ደግሞ ወቅቱ ከመጫወቻ ዓመታቸው እንዳይቆጠር ወሰነ።

ጸሐፊው በመጨረሻ የተጫዋቾቹን ድምፅ ይጠራሉ፦ የክሌምሰንና የኦሃዮ ስቴት ኳርተርባኮች ትሬቨር ሎውረንስና ጀስቲን ፊልድስ ኦገስት 10 ቀን «መጫወት እንፈልጋለን» ብለው የለም ወይ ይላሉ። ብለዋል። ነገር ግን ያ መግለጫ ከርዕሱ በታች ዝርዝር ነበረው፦ በሁሉም ኮንፈረንስ አንድ ዓይነትና አስገዳጅ የጤና ደንብ፣ ላለመጫወት መብት፣ የመጫወቻ ዓመት ዋስትና፣ ተጫዋቾች ሐሳብ የሚሰጡበት መድረክና በመጨረሻም የተጫዋቾች ማኅበር። አንድ ዓይነት ደንብ አልመጣም። በኢትዮጵያ የ2012ቱን (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ፕሪሚየር ሊግ አንድ አካል ወስኖ ሲሰርዘው እዚህ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ የየራሱን ወሰነ፤ ቢግ ቴን በየቀኑ ሲመረምር ኤስኢሲና የምሥራቅ ጠረፉ ኮንፈረንስ ኤሲሲ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመረምሩ ነበር። ሎውረንስ ራሱ ኦክቶበር 29 ቀን ፖዘቲቭ ሆኖ ሁለት ጨዋታ አለፈው። ሁሉን ኮንፈረንስ ወክሎ ከኮሚሽነሮቹ ጋር የሚደራደር የተጫዋቾች ማኅበር ግን ዋንጫው ሲነሳም አልነበረም።